መልስ፦ ቤቴን ለልጄ ላውርስ ወይስ ላስታመመችኝ የእህቴ ልጅ?

ጋሼ፣ የደብረ ብርሃኑን ቤት ላስታመመችዎ ልጅ መናዘዝ ይችላሉ። አሥር ዓመት ደጅዎን ያልረገጠውን ልጅዎን ከውርስ ከነቀሉት ግን ምክንያቱ ኑዛዜው ላይ ይጻፍ፤ ያለ ምክንያት አይጸናም። ባለቤትዎ ካሉ የጋራው ንብረት ግማሽ የእሳቸው ነው፣ እሱን አይንኩ።

ትልቁ ጣጣ ምስክር ነው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በሌላ ሰው እጅ የተጻፈ ኑዛዜ በእርስዎና በአራት ምስክሮች ፊት ተነቦ፣ ይህም ከነቀኑ ሰፍሮበት፣ ሁላችሁም እዚያው ትፈርማላችሁ። መንዝ የነበረው አጎቴ በሦስት አስፈረመ፤ አራተኛው በግ ሊሸጥ ገበያ ወርዶ፣ «ማታ ይፈርማል» ተባለ። አልፈረመም። ከአርባው በኋላ ወረቀቱ ፍርድ ቤት ወደቀ። (በጉም አልተሸጠም አሉ።)

የገጠሩ መሬት በክልሉ የመሬት ሕግ ነው የሚታየው፤ ወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ።