መልስ፦ አማካይ ኦርደርን ከኮንጁጌሲ ክላሶች ስለ ማስላት

ጥያቄህ ይህ ነው፦ የአንድ ውሱን ግሩፕ አባላትን አማካይ ኦርደር ለማግኘት ከየኮንጁጌሲ ክላሱ አንድ አንድ አባል ወስዶ ኦርደራቸውን ደምሮ ለክላሶቹ ቁጥር ማካፈል ይበቃል ወይ? (ግሩፕ ማለት አባላቱ እርስ በርስ የሚባዙበት፣ ምንም የማይለውጥ አንድ አባል ያለበትና እያንዳንዱ አባል ተገላቢጦሽ ያለው ስብስብ ነው፤ የማባዛቱ ሕግ (ab)c = a(bc) ነው። የአንድ አባል ኦርደር ማለት አባሉ በራሱ ሲባዛ ምንም ወደማይለውጠው አባል ለመድረስ የሚያስፈልገው ትንሹ የድግግሞሽ ቁጥር ነው። የ x ኮንጁጌሲ ክላስ ደግሞ g በግሩፑ አባላት ሁሉ ላይ ሲዞር የሚገኙት gxg⁻¹ ሁሉ ናቸው።)

አይበቃም። ግን አጀማመርህ ጥሩ ነው። የአንድ ክላስ አባላት ሁሉ ኦርደራቸው እኩል ስለሆነ ከየክላሱ አንድ መውሰድህ ልክ ነው። የቀረህ ነገር ኦርደሩን በክላሱ አባላት ቁጥር ማባዛት፣ ከዚያ ድምሩን ለጠቅላላው የአባላት ቁጥር ማካፈል ነው። የሦስት ነገሮችን ፐርሙቴሽን ግሩፕ (ቦታቸውን የመቀያየሪያ መንገዶች ሁሉ) እንይ። ክላሶቹ 1፣ 3 እና 2 አባላት አሏቸው። ኦርደራቸው 1፣ 2 እና 3 ነው። ድምሩ 1+6+6=13፣ አማካዩ 13/6 ይሆናል። በአንተ መንገድ ግን 2 ይመጣል። ግሩፑ አቤሊያን ከሆነ (ሁለት አባላት በየትኛውም ቅደም ተከተል ቢባዙ ውጤቱ አንድ ከሆነ) እያንዳንዱ አባል ለብቻው ክላስ ስለሆነ ሁለቱ መንገዶች ይገጥማሉ።

አሁን እኔን ሁሌም ወደሚገርመኝ ነገር ልምጣ። የክላሶቹን መጠን ብቻ ብታውቅ አማካዩን ማወቅ ትችላለህ? አትችልም። የካሬ ሲሜትሪ ግሩፕና የኳተርኒየን ግሩፕ (±1፣ ±i፣ ±j፣ ±k) ሁለቱም 8 አባላት አሏቸው። የሁለቱም ክላሶች መጠን 1፣ 1፣ 2፣ 2፣ 2 ነው። የካሬው አማካይ ግን 19/8 ሲሆን የኳተርኒየኑ 27/8 ነው! የመጀመሪያው ኦርደራቸው 2 የሆነ 5 አባላት አሉት፣ ሁለተኛው 1 ብቻ። ቁጭ ብለህ በእጅህ አስላው፣ ደስ ይልሃል።

አንድ ጥንቃቄ፦ ኦርደራቸው እኩል የሆኑ ሁሉ አንድ ክላስ ውስጥ አይገቡም። 60 አባላት ባሉት ተለዋጭ ግሩፕ (አምስት ነገሮችን ሁለት ሁለቱን እየቀያየሩ በጥንድ ቁጥር ቅያሬ የሚገኙት ፐርሙቴሽኖች) ውስጥ ኦርደራቸው 5 የሆኑት 24 አባላት 12፣ 12 ሆነው በሁለት ክላስ ይከፈላሉ።