«ወንድሜ ድኗል፣ መድኃኒቱን ይተው ወይ?» ላልሽው

ከፍኖተ ሰላም የጻፍሽው እህቴ፣ ጥያቄሽን ደግሜ አነበብኩት። ወንድምሽ ባይፖላር ነው ተብሎ (ሞቅታ፣ ማለት ከልክ ያለፈ መነቃቃት፣ እና ድባቴ የሚፈራረቁበት የአእምሮ ሕመም ነው) መድኃኒት ከጀመረ ወራት ሆነው። አሁን ሥራውን ይሠራል፣ ይስቃል፣ በልቶ ያድራል። እሱ «ድኛለሁ» ይላል። እናትሽ ደግሞ ጸበል ሊወስዱት ነው፤ ጸበልና ኪኒን አብሮ አይሄድም ብለው መድኃኒቱን ሊያስተዉት አስበዋል። አንቺ መሀል ላይ ቀረሽ። «ምን ላድርግ? ደግሞስ ዕድሜ ልኩን ነው ወይ?» ነው ያልሽው።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ደብረ ማርቆስ የምኖር አስተማሪ ነኝ፣ ይኸው ሕመም ያለብኝ። ባለትዳር ነኝ፣ ልጆችም አሉኝ። ስለዚህ የማወራሽ የቤቱን ነው።

አጭሩ መልስ፣ አይተው። ደህና የሆነው እየወሰደ ስለሆነ ነው። ይሄ ሕመም መጥቶ ይሄዳል፤ በመሀሉ ሰውየው ሙሉ ጤነኛ ይመስላል። በዚያ ጊዜ የመድኃኒቱ ሥራ የሚመጣውን መከልከል ስለሆነ ለዓይን አይታይም። ድንገት ማቋረጥ ደግሞ የከፋው ነው። ይቀነስ፣ ይለወጥ፣ ይቁም የሚባል ነገር ካለ ከሐኪሙ ጋር ቀስ በቀስ ነው የሚሆነው። ዕድሜ ልክ ነው ወይ ላልሽው፣ ብዙዎቻችን ለረጅም ዓመታት እንወስዳለን። እኔ «ዕድሜ ልክ» ብዬ ማሰቡን ትቼዋለሁ። የዛሬ ማታውን እውጥና እተኛለሁ።

ጸበሉን በተመለከተ ከእናትሽ ጋር እንዳትጣዪ። የጎጃም እናት ልጇ ታሞ ጸበል ሳትወስደው አትቀመጥም። ብትከለክያቸው ተደብቀው ይወስዱታል፣ ያኔ ኪኒኑ እቤት ይቀራል። ይልቅ አብረሻቸው ሂጂ። እኔም ግሽ ዓባይ ድረስ ሄጄ ተጠምቄያለሁ፣ አሁንም እጠመቃለሁ። ጸበሉ አልጎዳኝም። የሚጎዳው ከሱ ጋር የሚመጣው ነው። እንቅልፍ ማጣቱ፣ ባዶ ሆድ መዋሉ፣ «ኪኒንህን ጣለው» መባሉ፣ አንዳንድ ቦታ ደግሞ ገመድና ሰንሰለቱ። ስለዚህ ቅርብ ያለ ጸበል ምረጡ። ጠዋት ተጠምቆ ማታ እቤቱ ይደር። ሱባኤ ካላችሁም ኪኒኑ በአንቺ ቦርሳ ይሂድ።

እናትሽን የሚያሳምኑት ደግሞ አንቺም ሐኪሙም አይደላችሁም። የንስሐ አባታቸው ናቸው። የእኔ እናት «ኪኒን እምነት ማጣት ነው» ብላ ድርቅ ብላ ነበር። አንድ ቀን ቄሱ እቤት መጡ። ቡናቸውን ፉት እያሉ «ሉቃስ ወንጌል የጻፈው ሐኪም ሳለ አይደለም ወይ?» አሏት። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ላይ ሐኪምን አክብር፣ መድኃኒትንም ከምድር የፈጠረ እግዚአብሔር ነው የሚል እንዳለ ነገሯት። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ከዚያ ወዲህ ግን እሷ ጋ ባደርኩ ቁጥር ማታ ውኃና ኪኒን ይዛ የምትመጣው እሷ ናት። «በስመ አብ» ብላ ነው የምትሰጠኝ።

የጾሙንም ነገር ከእናትሽ የንስሐ አባት ጋር ተነጋገሩበት። ለታመመ ሰው ይፈቅዳሉ። ወንድምሽ የትኛውን መድኃኒት እንደሚወስድ አልጻፍሽም። ሊቲየም ከሆነ ግን በደንብ ስሚኝ። ሰውነት ውኃ ሲያጥረው፣ ሲያስመልስ፣ ሲያስቀምጥ ሊቲየም ደም ውስጥ እየተከማቸ ሊመርዝ ይችላል። ጸበል በብዛት ጠጥቶ ማስመለስ ለሱ አደጋ ነው። ለወገብ ተብሎ ከፋርማሲ የሚገዛው ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌንም እንዲሁ። እጁ ክፉኛ ከተንቀጠቀጠ፣ ከተንገዳገደ፣ ምላሱ ከተኮላተፈ ቀጠሮ አይጠበቅም፣ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ነው።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። ቤታችንን ያቆመው ነገር በደህናው ቀን የተስማማነው ነው። ሞቅታው ሲመጣብኝ ማንንም አልሰማም። ሚስቴ ጠላቴ ትመስለኛለች። ስለዚህ ያኔ ልታሳምነኝ ብትሞክር ድካም ነው። ደህና ሆኜ፣ እየሳቅን፣ ወረቀት ላይ ጻፍነውና ፈረምን። ሳጥን ውስጥ ከልጆቹ የልደት ካርድ ጋር ተቀምጧል። ማን ለምትከታተለኝ ነርስ እንደሚደውል፣ የትኛው ሆስፒታል እንደምሄድ፣ የኤቲኤም ካርዴን ማን እንደሚይዝ ተጽፏል። ማሰር ክልክል ነው የሚልም አለ። አንድ አጎቴ እንዳይጠሩ የሚልም አለ፤ ገመድ ይዘው ነው የሚመጡት።

ወረቀቱ ላይ መጀመሪያ የተጻፈው ግን ምልክቱ ነው። ሁሉም ሰው የራሱ አለው። የእኔ ጫማ ነው። ሊነሳብኝ ሲል እንቅልፌ ያጥራል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት እነሳና የቤተሰቡን ጫማ እወለውላለሁ። የኔን፣ የሷን፣ የልጆቹን ሸራ፣ ዝናብ ላይ የሚደረገውን ፕላስቲክ ቦቲ ሳይቀር። ድካም የሚባል የለም። ጠዋት ደጃፉ ላይ ሁሉም አፍንጫውን ወደ መንገድ አዙሮ ተሰልፎ ያብረቀርቃል። ባለቤቴ ታየዋለች፣ ምንም አትልም። ቁርስ ታቀርባለች። ከበላሁ በኋላ «ልደውል?» ትለኛለች። እኔ ደግሞ «እሽ» እላለሁ። እሽ እንድል የፈረምኩት እኔው ነኝ። ነርሷ ሐኪሙን አማክራ ትነግረናለች፤ በጊዜ ከተደረሰበት ብዙ ጊዜ ሆስፒታል ሳይተኙ ያልፋል። የወንድምሽን ምልክት አንቺ ታውቂዋለሽ። ከመታመሙ በፊት በነበሩት ሳምንታት ምን ጀመረው? ስልክ ማብዛት? ገንዘብ መበተን? አዲስ ንግድ? አሁን አብራችሁ አስታውሱት።

ገንዘብ ካልኩ አይቀር፣ ሲሞቅሽ ዓለም ሁሉ ወዳጅሽ ነው። በሬ ይሸጣል፣ ለማያውቁት ሰው ዋስ ይኮናል፣ ዕቁብ ሦስት ቦታ ይገባል። እኛ ቤት ከተወሰነ ብር በላይ የሆነ ነገር ሁሉ አድሮ፣ ሁለታችን አውርተንበት ነው የሚወጣው። ደህናም ስሆን እንዲሁ ነው። ሁልጊዜ ስለሆነ አያዋርድም።

ከመድኃኒቱ ቀጥሎ እንቅልፍ ነው። እንቅልፍ ማጣት የሕመሙ ምልክትም ነው፣ ሕመሙን የሚቀሰቅስም ነው። እኛ አገር ደግሞ ሌሊቱን የሚያስቆም ነገር ብዙ ነው። ማኅሌቱ፣ የጥምቀት አዳር፣ የጥር ሠርግ፣ ለቅሶ ቤት ማደር። እኔ ለፋሲካ እሄዳለሁ፣ ግን በዋዜማው ቀን ተኝቼ ነው የምሄደው። ከለቅሶ ቤት በጊዜ እወጣለሁ፣ ዕድሩ ያውቃል። አረቄ ደግሞ ፈጽሞ። በበዓል «አንዲት ብቻ ቅመስልኝ» የሚል ዘመድ ሲያስቸግረኝ «ጨጓራዬን» እላለሁ። ጨጓራ የሁሉም ስለሆነ ወዲያው ያዝኑልኛል። «የአእምሮ መድኃኒት እወስዳለሁ» ብል ግን ሌላ ወሬ ነው። ውሸት ነው ካልሽኝ ነው፤ ለሁሉም ሰው መናገር ግዴታ የለብንም።

ስለ ሰው ወሬ ብዙ አልልም። ጎጃም ተወልዶ መተት ነው ያልተባለ ሕመም የለም፤ ደብተራውም የማይጠረጠርበት የለም። መናኸሪያችን ረዳቱ «አማኑኤል! አማኑኤል የሞላ!» ብሎ ሲጮህ ሁልጊዜ የሚስቅ አይጠፋም። ረዳቱ የሚጠራው በደንበጫ መንገድ ላይ ያለችውን ከተማ ነው። ሳቁ አዲስ አበባ ላለው፣ በዚሁ ስም ለሚጠራው፣ ለብዙ ዘመን የአገሪቱ ብቸኛ ለነበረው የአእምሮ ሆስፒታል ነው። አሁን እኔም አብሬ እስቃለሁ። ዛሬ ለዚህ ሕመም አዲስ አበባ መሄድ ግድ አይደለም። እዚሁ ማርቆስ ሪፈራልም፣ ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወትም ይታከማል።

ወንድምሽ ለምን ማቆም እንደፈለገ ግን ለብቻው ጠይቂው፣ ወይም ወንድ ጓደኛው ይጠይቀው። «ድኛለሁ» የሚለው አንዳንዴ ሽፋን ነው። እንደ መድኃኒቱ ዓይነት እንቅልፍ ያበዛል፣ ውፍረት ያመጣል፣ ሰውነት ግትር ያደርጋል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል። የወንድነት ነገርም አለ፤ ብዙ ወንድ በዚህ ምክንያት ጥሎት ለማንም አይናገርም። ይሄ ሁሉ ለሐኪም ቢነገር ሰዓቱን ማዞር፣ መጠኑን ማስተካከል፣ መቀየር ይቻላል። እዚህ ጋ እህቶች የምታነቡ ካላችሁ፣ ሶዲየም ቫልፕሮኤት የምትወስድ ሴት ከማርገዟ በፊት ሐኪሟን ታማክር። ጽንስ ይጎዳል።

ሌላው፣ መንገዱ የሚዘጋበት ቀን ስለበዛ ኪኒኑ እስኪያልቅ አትጠብቁ። የሁለት ወይም የሦስት ወር እንዲጽፉላችሁ ለምኑ። ሆስፒታሉ ፋርማሲ ሲያልቅ ከግል መግዛት ይመጣል፣ ዋጋው ይከብዳል፤ ለሱ ከአሁኑ ትንሽ ትንሽ አስቀምጡ። የመድኃኒቱን ስምና መጠን በወረቀት ጽፈሽ ስልክሽም ላይ ፎቶ አንሺው። ኔትወርክ ሲጠፋ ማንም ደውሎ አይጠይቅም።

ድባቴውን አትርሺ። ሞቅታው ሰፈር ያውቀዋል፣ ድባቴውን ግን ሰው «ተረጋጋ፣ ጨዋ ሆነ» ይለዋል። ዝም ካለ፣ ካልበላ፣ ከአልጋ ካልወጣ፣ «እኔ ለማን እጠቅማለሁ» ካለ ጠጋ በይው። «ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» ብለሽ በግልጽ ጠይቂው። መጠየቅ ሐሳቡን አይጨምርበትም። እቤት ያለውን የተባይና የአረም መርዝ ከግቢ አውጡት፣ ኪኒኑንም አንቺ ያዢው። አዎ ካለሽ ብቻውን አይደር፣ ሲነጋ ሳይሆን በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል።

ለሚቀጥለው ቀጠሮ አብረሽው ግቢ። እሱ «ደህና ነኝ» ብሎ ይወጣል፣ አንቺ ግን ስንት ሰዓት እንደሚተኛ ትነግሪያለሽ። ከቻልሽ እናትሽንም አስገቢያቸው። የጸበሉን ነገር ራሳቸው ሐኪሙን ይጠይቁት።