መዝገቡ ውስጥ የቀረው አሻራ

ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት ከዘርዐ ክህነት (ከካህናት ማሠልጠኛው) ተማሪዎች አንዱ «አባ፣ የሚለምነኝ ሰው እያታለለኝ መሆኑን በምን ዐውቃለሁ?» ብሎ ጠየቀኝ። ለጊዜው አንድ ነገር ብዬ አለፍኩት። ማታ ግን እንቅልፍ ነሣኝ።

ቆሞስ፣ ማለትም የአንድ ካቶሊክ አጥቢያ ኃላፊ ካህን፣ ሆኜ ስሾም ከእኔ በፊት የነበሩት አባት ሒሳብ የሚባል ነገር አያውቁም ነበር። ማን መጣ፣ ስንቴ መጣ ሳይሉ ከኪሳቸው ያገኙትን ይሰጣሉ። የሳንቲሙ ክብደት ኪሳቸውን እየቀደደው፣ ልብሳቸውን የምትጠግነው መነኩሲት ስታጉረመርም ትውል ነበር። እኔ ደግሞ ቅዱስ ቪንሰንት ዴ ፖልን አንብቤ የመጣሁ ነኝ። እ.ኤ.አ. በ1617 በፈረንሳይ ሻቲዮን ቆሞስ ሳሉ፣ ቤተሰቡ በሙሉ የታመመበት ቤት መኖሩ ከቅዳሴ በፊት ተነገራቸው። በስብከታቸው ምእመናኑን ለመኑ፤ ከሰዓት በኋላ መንገዱ ምግብ በተሸከመ ሰው ተሞላ። እርሳቸው ግን ዛሬ የተትረፈረፈው ተበላሽቶ ቤተሰቡ ነገ እንደሚራብ ታያቸውና፣ በተራ የሚያገለግል የሴቶች ማኅበር አቋቋሙ። ከዚህ ሁሉ እኔ የያዝኩት አንድ ቃል ነበር፦ ሥርዓት።

መዝገብ ከፈትኩ። ስም፣ የልጆች ብዛት፣ ፊርማ ወይም አሻራ። ሦስት ጊዜ የቀረ ይሰረዛል። ማክሰኞ ማክሰኞ ጠረጴዛ አውጥቼ ስም እየጠራሁ ዱቄት አድል ነበር።

አንድ ማክሰኞ ከሰልፉ መካከል አንዲት ሴት አየሁ። ባሏ ሳይሞት በፊት ሙዳየ ምጽዋት ሲዞር እጇ ባዶ ሆኖ አያውቅም ነበር። ተራዋ ሲደርስ የአሻራውን ቀለም ገፋ አደረግሁላት። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «መጻፍ እችላለሁ» አለች። ብዕሩ በእጄ ነበር። ቀና ብዬ እንኳ ሳላያት «ሰልፉ ረጅም ነው፣ እናቴ» አልኳት። አውራ ጣቷን ነክራ ወረቀቱ ላይ አሳረፈች፤ ዱቄቷን ተቀበለች። ስትሄድ ጣቷን በቀሚሷ ጫፍ ደጋግማ ትጠርግ ነበር።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ስሟን ስጠራ አቤት የሚል ጠፋ። በሦስተኛው ሰረዝኳት። ለቅዳሴም አልመጣች። ቤቷ ሩቅ አልነበረም፤ ሄጄ ያንኳኳሁት ግን ከወራት በኋላ ነው። የከፈተልኝ ሌላ ሰው ነበር፤ የት እንደሄደች አያውቅም።

የቀኖና ሕጋችን ቁጥር 529 ቆሞስ ድሆችን፣ የተጨነቁትን፣ ብቸኞችንና ከአገራቸው የተሰደዱትን በትጋት ይፈልግ ይላል። ለፈተና በቃሌ ይዤው ነበር። ይፈልግ ነው የሚለው፤ ጠረጴዛ ዘርግቶ ይጠብቅ አይልም። ቅዱስ ቪንሰንት ለሻቲዮኑ የሴቶች ማኅበር የጻፉትንም ደንብ ያነበብኩት በግማሹ ኖሯል። ምግብ የምታደርሰው ሴት በሽተኛውን በፈገግታ ሰላም እንድትለው፣ እጁን እንድታስታጥበው፣ አስታማሚ ካለው ጀምራ ረዘም አድርጋ እንድትቆይ ብቻውን ባለው እንድትጨርስ ያዛል። ይህም ሥርዓት ነበር።

እናንተ የሰጣችሁትን ሁሉ በስልክ ፎቶ ታነሣላችሁ፤ አልወድላችሁም። ልቆጣ ስል ያ ሕዝብ ፊት የዘረጋሁት ጠረጴዛ ትዝ ይለኝና አፌን እይዛለሁ። በባንክ ልካችሁ የተቀባዩን ፊት የማታዩም አላችሁ። ይህን ፍቅር የሌለበት ምጽዋት እለው ነበር፤ ያቺ ሴት ግን የትኛውን ትመርጥ እንደነበር እንጃ።

መዝገብ አትያዙ ማለቴ አይደለም። በቀድሞው አባት ዘመን ደፋሩ አምስቴ ሲቀበል ዓይን አፋሩ ባዶ እጁን ይመለስ ነበር። ያዙ።

ለጠየቅኸኝም ልጅ፦ ትታለላለህ። እኔ ስንት ጊዜ እንደተታለልኩ ቁጥሩን አላውቀውም፤ ካታለሉኝ ግን የአንዱም ፊት ትዝ አይለኝም።

መዝገቡ አሁንም እኔ ዘንድ አለ። አሻራዋ ወደ ጎን ተጎትቶ ደብዝዟል፤ ጣቷን ቶሎ አንሥታው ይሆናል። አጠገቡ ለፊርማ የተሰመረው ቦታ ባዶ ነው።