የጥርስ ክሊኒክ ሪሴፕሽንና አስተዳደር ሥራ መማር ለምትፈልጉ፦ ጥያቄና መልስ

ብዙ ዓመት በጥርስ ክሊኒክ ሪሴፕሽን ሠርቻለሁ። አሁን የአስተዳደሩን ሥራ ይዤ አዲስ የሚገቡትን አሠለጥናለሁ። ስለ ሥልጠናው የጠየቃችሁኝን እንደ አመጣጡ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ስልክ አንስቶ ቀጠሮ ለመጻፍ የግድ መሠልጠን ያስፈልጋል?

ያስፈልጋል። ስልክ ማንሳቱ አይከብድም። የሚከብደው የሰሙትን ወደ ትክክለኛ ቀጠሮ መቀየሩ ነው። የሚደውለው ሰው "ጥርሴን አሞኛል" ብቻ ነው የሚለው። ቀሪውን ጠይቆ ማውጣት የእኛ ሥራ ነው። መቼ ጀመረዎት? ቀዝቃዛ ሲነካው ነው ወይስ ዝም ብሎ ይጠዘጥዛል? ሌሊት ከእንቅልፍ ይቀሰቅሳል? ፊትዎ አብጧል? ትኩሳት አለ?

ቀዝቃዛ ሲነካው ብቻ አሞ ወዲያው የሚተው ከሆነ ጥቂት ቀን ሊጠብቅ ይችላል። እንቅልፍ የሚነሳ ሕመምና እብጠት ግን በዚያው ቀን መታየት አለበት። እብጠቱ ወደ አንገት ወርዶ መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ ቀጠሮ አይሰጥም፤ ቀጥታ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ነው የሚላከው። በሽታው ምን እንደሆነ መናገር የሐኪሙ ድርሻ ነው። እኛ በደንብ ጠይቀን በደንብ እናስተላልፋለን። ሥልጠናው ውስጥ የመዝገብ አያያዝ፣ ሂሳብ፣ ኢንሹራንስና የኮምፒውተር ፕሮግራም አሉ፤ ይህን ጥያቄ የመጠየቅ ችሎታ ግን ከሁሉም አስበልጠዋለሁ።

ጥያቄ፦ የጤና ትምህርት የለኝም። የጥርስ ቁጥሮቹ ግራ አጋቡኝ። ለምን 32 ጥርስ ሆኖ 48 የሚባል ቁጥር ይኖራል?

ቁጥሩ አንድ ሳይሆን ሁለት ስለሆነ ነው። አፍ አራት ቦታ ይከፈላል። የታካሚው ቀኝ ላይኛው 1፣ ግራ ላይኛው 2፣ ግራ ታችኛው 3፣ ቀኝ ታችኛው 4 ይባላል። ሁለተኛው ቁጥር ከመሃል ከፊት ጥርስ ተነስቶ ወደ ኋላ እስከ 8 ይቆጥራል። ስለዚህ 36 ማለት ግራ ታችኛው፣ ስድስተኛው ጥርስ፣ ማለትም የመጀመሪያው ትልቅ መንጋጋ ነው። ሲነበብም "ሠላሳ ስድስት" ሳይሆን "ሦስት ስድስት" ነው። የወተት ጥርስ 20 ነው፤ የእሱ ቦታዎች ከ5 እስከ 8 ባለው ቁጥር ይጠራሉ።

አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ከ1 እስከ 32 በተከታታይ ይቆጥራሉ። እዚህ ላይ በጣም ተጠንቀቁ። አንድ ጊዜ "14 ይነቀል" የሚል የሪፈር ወረቀት መጣልኝ። በመጀመሪያው አቆጣጠር 14 ቀኝ ላይኛው ትንሹ መንጋጋ ነው። በአሜሪካው ግን ግራ ላይኛው ትልቁ መንጋጋ ነው። የጻፈው ሐኪም ጋ ደወልኩ፤ ሁለተኛውን ማለቱ ነበር። አንድ ስልክ ባይደወል ጤነኛ ጥርስ ሊነቀል ይችል ነበር። ቁጥሩን ከጥርሱ ስም ጋር አብራችሁ ጻፉ። ካርዱ ላይ የታካሚው ቀኝ በእናንተ ግራ በኩል እንደሚሳልም አትርሱ።

ጥያቄ፦ ኦንላይን ብማር ይበቃኛል? ስንት ጊዜ ይፈጃል?

ከጥቂት ወራት እስከ አንድ ዓመት የሚፈጁ ሥልጠናዎች አሉ። ንድፈ ሐሳቡን ኦንላይን መማር ይቻላል። ከመክፈልህ በፊት ግን እውነተኛ ክሊኒክ ውስጥ የተግባር ልምምድ እንዳለው ጠይቅ። ልምምድ የሌለው ሥልጠና እኔ አልመክርም። የተናደደ ሰው ፊት ለፊት ቆሞ ሲጠብቅ፣ ስልኩም ሲጮህ፣ ሐኪሙም ከውስጥ ሲጣራ ምን እንደሚደረግ በቪዲዮ አይለመድም።

ጥያቄ፦ ሥራ ጀምሬያለሁ፤ ቀጠሮው ግን በየቀኑ ይዛባብኛል። ጠዋት የጀመረው መዘግየት እስከ ማታ ይዘልቃል። ምን ላድርግ?

አይዞሽ፣ ሁላችንም አልፈንበታል። ብዙ ጊዜ ችግሩ ለሁሉም ሕክምና እኩል ሰዓት መስጠት ነው። ቀኑን በ10 ወይም በ15 ደቂቃ ክፈይው። ከዚያ ሐኪምሽን ጠይቂ፦ ለሙሌት፣ ለመንቀል፣ ለሩት ካናል (የተበላሸውን የጥርስ ነርቭ አውጥቶ ሥሩን መሙላት) ስንት የጊዜ ክፍል ትፈልጋለህ? እያንዳንዱ ሐኪም እጁ ይለያያል። የሌላ ክሊኒክ ሰዓት አይሠራልሽም።

ቀጥሎ የሐኪሙን ሰዓትና የወንበሩን ሰዓት ለይው። ማደንዘዣ ተወግቶ እስኪይዝ ታካሚው ወንበር ላይ ነው፤ ሐኪሙ ግን ሌላ ሰው ማየት ይችላል። ወንበር ለማጽዳትና ዕቃ ለመቀየርም ደቂቃ ያዢ። በየቀኑ ለድንገተኛ ሕመም ክፍት ቦታ ተዪ፤ የሚመጣ ሰው አይጠፋም። ቀጠሮ ሲሰረዝ የሚጠሩ ሰዎችም ዝርዝር ይኑርሽ። ትንንሽ ልጆችን ጠዋት አድርጊያቸው፤ ከሰዓት ይደክማቸዋል።

ክራውን (ጥርሱ ላይ የሚደፋ ሰው ሠራሽ ሽፋን) ላይ አደራ። ልኬት ተወስዶ ላብራቶሪ ይሄዳል፤ ታካሚው ሌላ ቀን መጥቶ ይገጠምለታል። አንዲት እናት ከሥራ አስፈቅደው መጥተው ወንበር ላይ ተቀመጡ። መሳቢያውን ከፈትኩ፤ ክራውኑ የለም። ላብራቶሪው ገና አልጨረሰም ነበር፣ እኔም አልደወልኩም። ከዚያ ወዲህ ከሁለት ቀን በፊት ሣጥኑን በዓይኔ አይቼ፣ ስሙንና የጥርሱን ቁጥር አንብቤ ነው ቀጠሮውን የማረጋግጠው።

ጥያቄ፦ ገንዘብ መጠየቅ ያሳፍረኛል። በተለይ ሰውየው እያመመው ሲወጣ።

ሲወጣ ከሆነ ዘግይቷል። ዋጋው የሚነገረው ከመቀመጡ በፊት ነው፤ በጽሑፍ ቢሆን ይመረጣል። ሊለወጥ የሚችልበትንም ንገረው። ሙሌት ተብሎ የተጀመረ ጥርስ ሲከፈት ብልሽቱ ነርቭ ደርሶ ከተገኘ ሩት ካናል ሊሆን ይችላል። ይህን አስቀድሞ የሰማ ሰው ተታለልኩ አይልም። ኢንሹራንስ ካለው ደግሞ "ይከፍልልዎታል" ብለህ ቃል አትግባ። አስቀድሞ ፈቃድ የሚጠይቅ ሕክምና ከሆነ ፈቃዱን ጠብቅ። እና ድምፅህን ዝቅ አድርግ፤ የሰው ኪስ ለወረፋ ጠባቂ ሁሉ አይነገርም።

ጥያቄ፦ የጤና ታሪክ ፎርሙ ላይ ሁሉም "የለም" እያሉ ይሞላሉ። ምን ይሻላል?

"በሽታ አለብዎት?" ሲባል ሰው የለም ይላል። "በየቀኑ የሚወስዱት ኪኒን አለ?" በሏቸው። ያኔ የደም ማቅጠኛው፣ የስኳሩ፣ የአጥንት መሳሳቱ መድኃኒት ይወጣል። የልብ ቧንቧ ወይም ቫልቭ ሕክምና፣ እርግዝና፣ የፔኒሲሊን አለርጂ ለየብቻ ይጠየቁ። ያገኛችሁትን ካርዱ ላይ ጎልቶ በሚታይ ቦታ ጻፉና ለሐኪሙ ንገሩ። መድኃኒቱን እንዲያቆሙ ግን በጭራሽ አትንገሩ። ጥያቄውም ሰው በተሰበሰበበት ጮክ ተብሎ አይጠየቅ።

ጥያቄ፦ የልጅ ጥርስ ወድቆ ወልቋል ብለው ቢደውሉ ምን ይባላል?

መጀመሪያ ዕድሜውን ጠይቂ። የወተት ጥርስ ከሆነ ወደ ቦታው አይመለስም፤ ከሥር ያለውን ቋሚ ጥርስ ሊጎዳ ይችላል። ልጁ ግን ይምጣና ይታይ። ቋሚ ጥርስ ከሆነ ደቂቃ ነው የሚቆጠረው። ሥሩን ሳይነኩ በሚነከስበት ነጩ በኩል ይያዙት። ከቆሸሸ ለአፍታ ያለቅልቁት፣ አይፈትጉት። ከቻሉ ቦታው ይመልሱትና ልጁ ጨርቅ ነክሶ ይምጣ። ካልቻሉ ወተት ውስጥ ይክተቱት። ወዲያው ይምጡ፣ ቢቻል በ30 ደቂቃ ውስጥ። ይህን ጽፈሽ ስልኩ አጠገብ ለጥፊው፤ እናትየው ስታለቅስ አንቺም ትረሺያለሽ።

ጥያቄ፦ 42 ዓመቴ ነው። አልረፈደብኝም?

በፍጹም። ጥርስ ሕክምና የሚፈራ ሰው የረጋ ድምፅ ይፈልጋል። ኮምፒውተሩን ከለመዱት ዕድሜዎ ያግዝዎታል።

ጥያቄ፦ ሰኞ የመጀመሪያ ቀኔ ነው። ምን ልያዝ?

ትንሽ ማስታወሻ ደብተር። አንዱ ገጽ ላይ እያንዳንዱ ሕክምና የሚፈጀውን ደቂቃ፣ ሌላው ላይ ሐኪሙ ሥራ ላይ እያለ እንኳ ሊጠራ የሚገባባቸውን ምክንያቶች ጻፍ። ፈቃድ ጠይቀህ አንድ ሙሌት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቆመህ እይ። ከዚያ በኋላ "ስንት ሰዓት ይፈጃል?" ብሎ የሚደውልልህን ሰው ያየኸውን ትነግረዋለህ።