ሁሉን ሰጥቻለሁ፤ ታዲያ ሰላሙ የት አለ?

ውድ የአምዱ አዘጋጅ፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ይህን የምጽፈው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ለጸሎት ተነስቼ ነበር። መጸለይ ሲያቅተኝ ልጻፍ ብዬ ተቀመጥኩ። እውነቱን ልንገርዎት፣ ትዕግስቴ አልቋል።

የ43 ዓመት ሰው ነኝ። ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ነኝ። ጌታን ካወቅሁ 19 ዓመት ሆኖኛል። ያለፉትን 5 ዓመታት ግን እንደ ድሮው አልኖርኩም። አንድ ማታ የጸሎት ስብሰባ ላይ ተንበርክኬ «ጌታ ሆይ፣ ከእንግዲህ የእኔ የምለው ነገር የለኝም፤ ሁሉም ያንተ ነው» አልኩ። እያለቀስኩ ነው ያልኩት። ቃሌንም ጠብቄአለሁ። በሳምንት አራት ማታ አገልግሎት ላይ ነኝ። የጸሎት ቡድን እመራለሁ። ሁለት ቀን እጾማለሁ። ከአሥራቴ በላይ እሰጣለሁ። ለአዳራሹ ግንባታ ቃል የገባሁትን በየወሩ አንዴም ሳላጓድል ከፍያለሁ። እወደው የነበረውን ኳስ ማየት እንኳ ትቻለሁ።

ባለቤቴ ግን ይህን ሁሉ አታይም። እሷም አማኝ ናት፤ ግን እንዴት ልበልዎት፣ ለብ ያለች ናት። ማታ ስገባ ታኮርፋለች። «ለእግዚአብሔር ሰጠሁት የምትለው ጊዜ እኮ የልጆችህ ነበር» ትለኛለች። አንድ ቀን ከጾም ጸሎት ስመለስ በር ላይ ቆማ «እኛስ የማን ነን?» አለችኝ። ይህ ለአንድ አገልጋይ ይባላል? እኔ ልጠጣ አልሄድኩ፣ ሌላ ሴት ጋ አልሄድኩ። የሄድኩት ወደ ጌታ ቤት ነው። ሌሎች ወንድሞች ሚስቶቻቸው ከጎናቸው ተንበርክከው ሲጸልዩ ሳይ ይከፋኛል።

ይህም አይበቃት፣ አሮጌ ነገር እየመዘዘች ታነሳብኛለች። የዛሬ 6 ዓመት ሥራ ፈትቼ በነበረ ጊዜ ከታናሽ ወንድሜ ገንዘብ ተበድሬ ነበር። ለኮሌጅ ብሎ ያጠራቀመው ነው፤ በዚያ ዓመት ለማንኛውም አልተመዘገበም። መጀመሪያ መጀመሪያ ይደውል ነበር። አንዳንዴ በጸሎት ሰዓት ስለሚደውል አላነሳለትም። አሁን ሁለት ዓመት ሆነው፣ መጠየቅ ትቷል። ይቅር ያለኝ ይመስለኛል። እሱ እምነት ውስጥ ስለሌለ የመንፈሳዊ ነገር ቅድሚያ አይገባውም። ባለቤቴ ግን ሊገባት ይገባ ነበር።

ይበልጥ የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። አገልግሎት ላይ ሳለሁ ደህና ነኝ። ብቻዬን ስንበረከክ ግን ሰማዩ ናስ ይሆንብኛል፤ ጸሎቴ የሚደርስ አይመስለኝም። ሁሉን የሰጠ ሰው እንዴት ሰላም ያጣል? ምናልባት ቤቴ ውስጥ ያለው መንፈስ ይሆን እላለሁ።

ጥያቄዬ ወዲህ ነው። ከሦስት ወር ወዲህ ሥራዬን ለቅቄ ሙሉ ጊዜ አገልጋይ እንድሆን በልቤ ሸክም አለ። መልቀቂያውን ጽፌ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ እዞራለሁ። ባለቤቴ «ካስገባህ እኔ የለሁበትም» ብላለች። አዳም የሚስቱን ቃል ሰምቶ የደረሰበትን እናውቃለን። እሷን ብሰማ እግዚአብሔርን አልታዘዝኩም ማለት ነው? በሙሉ ልቤ የሰጠሁትን በእሷ ምክንያት ግማሽ ላድርገው?

መታዘዝ የፈለገ ሰው

*

ወንድሜ፣

አንቱታውን እንተወው። በዕድሜ ታላቅ እህትህ ነኝና አንተ ብልህ አትቀየመኝ። የምጽፍልህም ነገር በአንቱታ አይነገርም።

ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሦስቱንም ጊዜ አንዲት ቃል ላይ ስደርስ ቆምኩ። «በዚያ ዓመት ለማንኛውም አልተመዘገበም» ብለሃል። ለማንኛውም! በምን ይመዝገብ? መመዝገቢያው እኮ አንተ ኪስ ውስጥ ነው ያለው። ይህን ስትጽፍ እጅህ ትንሽም አልተያዘ? አንድ ወጣት ለትምህርት ብሎ ያጠራቀመውን አውጥቶ ሥራ ለፈታ ወንድሙ ሰጠ። ያ ወንድም አሁን ስለ መሰጠት ደብዳቤ ይጽፋል። ሰጪው በደብዳቤው ውስጥ ያገኘው ቦታ የሚስትህ ጭቅጭቅ ማስረጃ ሆኖ ብቻ ነው።

ደግሞ «ይቅር ያለኝ ይመስለኛል» ትላለህ። ይቅርታ ድምፅ አለው፤ ይቅር ያለ ሰው ይነግርሃል። ወይም ቤትህ መጥቶ ከልጆችህ ጋር ሲጫወት ታየዋለህ። አራት ዓመት ደውሎ መልስ ያጣ፣ ከዚያም ዝም ያለ ሰው ግን ተስፋ ቆርጧል። የቆረጠውም ካንተ ይመስለኛል እንጂ ከገንዘቡ ብቻ አይደለም።

እስቲ ቀኖቹን እንቁጠር። የተበደርከው የዛሬ 6 ዓመት ነው። ተንበርክከህ «የእኔ የምለው የለኝም» ያልከው የዛሬ 5 ዓመት ነው። እውነትህን ነበር፤ ከያዝከው ከፊሉ የወንድምህ ነበር። ያንን ማታ ለእግዚአብሔር ያንተ ያልሆነውን ጭምር ሰጠኸው።

እንባህ የውሸት ነበር አልልህም። ሰው ከልቡ አልቅሶም አንድ ክፍል ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ሊከት ይችላል። ሁላችንም አድርገነዋል።

«መታዘዝ ከመሥዋዕት ይበልጣል» የሚለውን ቃል የጸሎት ቡድን ስትመራ ሳትጠቅሰው አልቀረህም። 1ኛ ሳሙኤል 15፣ ቁጥር 22። እባክህ ከዚያ ዘጠኝ ቁጥር ወደ ላይ ውጣ። ንጉሥ ሳኦል ከአማሌቅ ዘመቻ ተመልሷል። ከብቶቹን ጨምሮ ሁሉንም እንዲያጠፋ ነበር የታዘዘው። (ከባድ ምዕራፍ ነው፤ ክብደቱን ሌላ ቀን እናወራበታለን።) ነቢዩ ሳሙኤልን ሲያገኘው ገና ሳይጠየቅ «የእግዚአብሔርን ትእዛዝ ፈጽሜአለሁ» አለው። ሳሙኤል ክርክር አልገጠመውም። ታዲያ ይህ የምሰማው የበጎች ጩኸት ምንድን ነው ብሎ ብቻ ጠየቀው። ሳኦል መልስ አላጣም፤ ሕዝቡ መልካም መልካሙን ያስቀሩት ለአምላክህ ሊሠዉት ነው አለ። ልብ በል፣ ሕዝቡ ነው አለ፤ እኔ ነኝ አላለም። የቀረውም ከብት ለመሥዋዕት ነው። አንተስ? ጥፋቱን ሚስትህ ላይ አሳየኸኝ፤ ገንዘቡን ደግሞ አዳራሹ ግንባታ ላይ። ወንድሜ፣ የበጎቹ ጩኸት እኔ ዘንድ ድረስ ይሰማል።

ጌታ ኢየሱስም ይህንኑ ዘዴ ያውቀው ነበር። ማርቆስ 7 ላይ አባትና እናቱን መርዳት ያለበት ሰው «ልረዳችሁ የምችልበት ገንዘብ ቁርባን (ለእግዚአብሔር የተሰጠ) ሆኗል» ብሎ ስለሚያመልጥበት መንገድ ተናግሯል። ተቆጥቶ ነው የተናገረው። የወንድምን ድርሻ ወስዶ ለእግዚአብሔር መስጠት አምልኮ አይባልም።

ሰማዩ ናስ ሆነብኝ አልክ። እኔ አልመሰለኝም። ልጠይቅህ፤ በሌሊት ስትንበረከክ የወንድምህ ፊት አይመጣብህም? ይመጣብሃል። ባይመጣብህ ኖሮ ደብዳቤህ ውስጥ አይገባም ነበር። ምናልባት ሲመጣብህ «የጠላት ድምፅ ነው፣ ከጸሎት ሊያዘናጋኝ ነው» ብለህ ገስጸኸው ይሆናል። ለአምስት ዓመት አንዲት ዓረፍተ ነገር እየተደጋገመች እየተነገረችህ፣ አንተ ሌላ እስኪነገርህ ትጠብቃለህ። እኔ ያየሁት እግዚአብሔር ሁለተኛውን ትእዛዝ ብዙ ጊዜ የሚናገረው የመጀመሪያው ከተፈጸመ በኋላ ነው።

ከራሴ ልናገር። አንዲት የሥራ ባልደረባዬን በሌለችበት አምቻት ወሬው ደረሳት። ይቅርታ መጠየቅ እንዳለብኝ ያወቅሁት በዚያው ቀን ነበር። ምን አደረግሁ መሰለህ? ጌታ መንገዱን እንዲያሳየኝ ብዬ ሦስት ቀን ጾምኩ። መንገዱ እኮ ከእኔ ጠረጴዛ እስከ እሷ ጠረጴዛ ነበር! መጨረሻ ላይ ስሄድ ይቅርታው አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ከዚያም በኋላ ወዳጄ አልሆነችም፤ ሰላምታዋ እስከ ዛሬ ቀዝቃዛ ነው። ጾሙ የፍርሃቴ መደበቂያ እንደነበር የገባኝ ግን ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ ስወቅስህ ከላይ ሆኜ አይደለም።

የነቢዩ ኤልሳዕንና የመበለቲቱን ዘይት ታሪክ የምታውቅ ይመስለኛል፤ 2ኛ ነገሥት 4። አንዲት መበለት አበዳሪ መጥቶባታል፤ ሁለት ልጆቿን ባሪያ አድርጎ ሊወስድባት። ዘይቱ ማድጋው ሁሉ እስኪሞላ ፈሰሰ። ስብከቱ ብዙ ጊዜ እዚያ ያበቃል። ባዶ ማድጋ አምጡ ተብሎ ይጸለያል፣ እልል ይባላል። ታሪኩ ግን አላበቃም። ሴትዮዋ ወደ እግዚአብሔር ሰው ሄዳ ስትነግረው ዘይቱን ሽጪ፣ ዕዳሽን ክፈዪ፣ በተረፈው ከልጆችሽ ጋር ኑሩ አላት። ከተአምር በኋላ የመጣው የመጀመሪያ መመሪያ ዘይቱን ሽጦ ዕዳ መክፈል ነው። እኔ ይህን ጥቅስ በግድግዳ ላይ ተለጥፎ አይቼ አላውቅም።

ስለ ባለቤትህ። ለብ ያለች ያልካት ሴት በዙሪያህ ካሉት ሰዎች ሁሉ ዕዳህን የምታስታውስህ ብቸኛዋ ናት። ቤትህ ውስጥ ነቢይ አስቀምጠህ ጭቅጭቅ ነው ትላለህ። አዳምን ጠቅሰሃል። አዳም የተነገረውን እያወቀ ነው የጣሰው። በዚያው በዘፍጥረት፣ ምዕራፍ 21 ላይ ደግሞ እግዚአብሔር ራሱ አብርሃምን ሣራ የምትነግርህን ሁሉ ስማ ይለዋል። አብርሃም ደስ ብሎት አልነበረም፤ ነገሩ ከብዶት ነበር። ግን ማልዶ ተነሣ። «እኛስ የማን ነን?» ያለችህ ጥያቄ ደግሞ ስድብ አይደለም። ናፍቃሃለች። ከአራቱ ማታ ሁለቱን ለልጆችህ መልስ። የጸሎት ቡድኑ አንተ ባትኖርም ይጸልያል፤ ለልጆችህ ግን ሌላ አባት የለም። ፈርጄ ከሆነ ይቅር በለኝ፤ አንድ ወገን ብቻ ሰምቼም ለእሷ ነው የማደላው።

መልቀቂያህን ከቦርሳህ አውጣው። ቅደደው አልልህም። መሳቢያ ውስጥ ክተተው፤ ለወንድምህ የመጨረሻውን እስክትከፍል ደሞዙ ያስፈልግሃል። በእርግጥ ተጠርተህ ከሆነ ጥሪው አንድ ሁለት ዓመት ቢቆይ አይሻግትም። ጳውሎስ በቆሮንቶስ ድንኳን እየሰፋ ሰብኳል፤ ማንም ግማሽ አገልጋይ አላለውም።

ለአዳራሹ ግንባታ ኮሚቴም ሄደህ «ዕዳ ስላለብኝ ለጊዜው አቋርጣለሁ» በላቸው። ሰው ፊት የገቡትን ቃል ሰው ፊት ማጠፍ ያሳፍራል። አውቃለሁ። ለወንድምህ በየወሩ የምትልከውንም ማንም ተነስቶ አያጨበጭብልህም፣ ስምህም አይጠራም። እኔ ከዚህ የበለጠ መሰጠት አላውቅም።

እንግዲህ ስልኩ ቀረ። ዛሬ ደውልለት። ስትደውል ስለ እግዚአብሔር አንድ ቃል አታንሳ። «ጌታ ተናገረኝ» አትበለው፣ ወደ ስብሰባም አትጋብዘው። በዚያ ቋንቋ ስንት ዓመት ነው የዘጋኸው። ገንዘቡን ስንት እንደሆነ ራስህ ጥራው፤ እሱ አይጥራልህ። የመጀመሪያውን ክፍያ የምትልክበትን ቀን ንገረው። ከዚያ ኮሌጅ ሊማር ያሰበው ምን እንደነበር ጠይቀው። ደብዳቤህ ላይ አልጻፍከውም፤ ምናልባት አታውቀው ይሆናል። ቢጮህብህ ዝም ብለህ ስማው።

ላያነሳም ይችላል። ስንት ጊዜ ደውሎ ያልተነሳለት እሱ ነው። ነገም ደውል።