ብርዱ አልተስማማኝም

ባለፈው ሰሞን ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ውስጥ አስተዳደር ክፍል የገባች የእህቴ ልጅ ደወለችልኝ። «ጋሼ፣ አንዱን የፈረቃ ኃላፊ ይሳደባል ብለው ከሰሱት። ሥራ ላይ ግን አንደኛ ነው፤ እሱ ከሌለ ማሽኑ ይቆማል። ጠርቼ ላስታርቃቸው?» አለችኝ። መልሼ እደውልልሻለሁ ብያት እስካሁን አልደወልኩም። ለእሷ የምለውን፣ ገና በወጣትነታችሁ ሰው ማስተዳደር ለጀመራችሁ ሁሉ ልጻፈው ብዬ ነው።

ኅዳር 2001 ዓ.ም. እኔም እዚያው ከተማ የአንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አስተዳደር ኃላፊ ነበርኩ። አንድ ጠዋት፣ ውርጩ ሣሩን እንዳነጣው፣ ከመንዝ የመጣች ፈታይ ቢሮዬ ገባች። ከነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ያመጣችውን ወረቀት ፈትታ ሰጠችኝ። ከደብተር የተገነጠለ ነው። የፈረቃ ኃላፊዋ በሰው ፊት «እረኛ» እያለ እንደሚያዋርዳት፣ ክር በተበጠሰባት ቁጥር ሽንት ቤት እንደሚከለክላት፣ ቀኑንና ሰዓቱን እየጠቀሰች ጽፋዋለች። ከእኔ ቢሮ መዝገብ ይሻል ነበር።

እኔ ምን አደረግሁ? ሰውየውን አስጠርቼ፣ እሷ እዚያው ቆማ፣ ወረቀቷን ጮክ ብዬ አነበብኩለት። «በሉ ፊት ለፊት ተነጋገሩ።» እሱ ሳቀ፤ እሷ አቀረቀረች። ሁለት አንጋፋ ሠራተኞች ሽማግሌ አድርጌ አስቀመጥኩ፤ «ልጄ፣ እንደ አባት ቁጠሪው» አሏት። ተጨባበጡ። ቃለ ጉባኤው ላይ «ጉዳዩ በስምምነት ተዘግቷል» ብዬ ፈረምኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ምሳዬን ደስ ብሎኝ ነው የበላሁት።

ከዚያ ከእሱ ትራቅ ብዬ ሌሊት ፈረቃ አዛወርኳት። ለእሷ ያሰብኩ መስሎኝ! ተከሳሹ ከቦታው ሳይነቃነቅ ከሳሿ ተነሣች። ሠራተኛው ይህን አየ። ሁለት ዓመት ሙሉ ከዚያ ክፍል አንድ አቤቱታ አልመጣልኝም፤ እኔም ሪፖርቴ ላይ «መልካም የሥራ ግንኙነት» ብዬ አስገባሁት።

ሽምግልናን መንቀፌ አይደለም። በእቁብ ብር ሊፈነካከቱ የነበሩ ሁለት መካኒኮችን በሽማግሌ አስታርቄ ዛሬ አበልጅ ናቸው። እነሱ ግን አቻ ነበሩ፤ አንዱ የሌላውን ፈረቃ አይወስንም።

የእህቴ ልጅ መቼም ምክር ትጠብቃለች። ሁለቱንም ለየብቻ ስሚያቸው፤ ምስክሮቹንም እንደዚያው። ሰውየው ጥፋተኛ ነው ብለሽም አትነሺ፤ በደብረ ብርሃን ቂም ይዞ የሚከስም አይቻለሁ። አንድ ሰው ከፈረቃው መነሣት ካለበት ግን እሱ ይነሣ። የኅብረት ስምምነታችሁ፣ ማለትም አሠሪውና የሠራተኛ ማኅበሩ የተዋዋሉት፣ ከፈቀደ ከ30 የሥራ ቀን ላልበለጠ ጊዜ አግዶ ማጣራት ይቻላል። «እስኪበርድ እንጠብቅ» አትበዪ፤ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 አሠሪው ያለ ማስጠንቀቂያ የሚያሰናብት ጥፋት መኖሩን ካወቀ በኋላ 30 የሥራ ቀን ዝም ካለ የማሰናበት መብቱ ይቀርበታል። አዋጁ ወሲባዊ ትንኮሳን በስም ጠርቶ ይከለክላል፤ ስድብና ማዋረድን ግን በመተዳደሪያ ደንባችሁ ራሳችሁ ዘርዝሩት።

እናንተ የዛሬ ልጆች ደግሞ ማጣራቱ ሳይጀመር የሰውን ስም በቴሌግራም ትጨርሱታላችሁ። አልወደውም። ያቺ ልጅ ስልክ ቢኖራት ኖሮ ግን እንደዚያ አልጫወትባትም ነበር፤ ይህንንም አውቃለሁ።

ማሽኑ ይቆማል ስላልሽው፣ የእኔው ሰውዬ በኋላ የተሻለ ደመወዝ አግኝቶ ሄደ። ማሽኑ አንድ ቀን አልቆመም።

ልጅቷ ጥር ሳይገባ ለቀቀች። ክሊራንስ ልታስፈርም ስትመጣ «ምነው?» አልኳት። «ብርዱ አልተስማማኝም» አለችኝ። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የእሷ አገር መሐል ሜዳ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል፤ ባና፣ ያንን ወፍራም የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ፣ ለብሰው የሚያድሩበት አገር ነው። የመንዝ ልጅ ብርድ አልተስማማኝም ስትለኝ ቀና ብዬ እንኳ ሳላያት ፈረምኩላት።