መልስ፦ የቀደሙትን ሳላነብ አዲሱን ልጀምር?

ሰላም እህቴ። «የረጅሙ ልብ አንጠልጣይ ተከታታይ አዲስ ክፍል ወጥቷል፤ ግማሹ አንባቢ ያደንቀዋል፣ ግማሹ መንፈስ ስለገባበት ተቆጥቷል፤ የቀደሙትን ሳላነብ ልጀምረው?» ብለሻል። ጀምሪው።

የተከታታይ ድርሰት አንባቢ ቁጣ የቆየ ነው። ደራሲው አርተር ኮናን ዶይል እ.ኤ.አ. በ1893 የፈጠረውን መርማሪ ሸርሎክ ሆልምስን በታሪኩ ውስጥ ሲገድለው አንባቢዎቹ ዘመድ እንደሞተባቸው አዘኑ፤ ታሪኮቹ የሚወጡበትን መጽሔት መግዛት የተዉም ነበሩ። በ1901 መርማሪውን የመለሰው አንድን ቤተሰብ ስለሚያሳድድ አስፈሪ ውሻ በሚተርክ ልብ ወለድ ነው። የቀደመውን ያላነበበ ሰው እሱን ለመከተል አይቸገርም።

እኔም ከሆልምስ ታሪኮች መጀመሪያ ያነበብሁት እሱን ነው፤ እዚሁ ባሕር ዳር፣ ዓባይ ከጣና ከሚወጣበት ብዙ በማይርቅ ቤት። ከረግረጉ በኩል ጩኸት የሚሰማበት ገጽ ላይ ስደርስ፣ በሌሊት ሣር ሊግጥ የወጣ ጉማሬ ከአጥሩ ማዶ አጉረመረመ። መጽሐፉን በደረቴ ላይ ደፍቼ መብራት ሳላጠፋ አደርሁ።

ስለ መንፈሱ ግን ቅሬታ አቅራቢዎቹን በከፊል እደግፋለሁ። መንፈስ መግባቱ አያስከፋኝም። የሚያስከፋኝ ደራሲው ቋጠሮው ሲጠብቅበት፣ ከዚያ በፊት ጥላውን እንኳ ያላየነውን መንፈስ አምጥቶ ሲፈታው ነው። ከመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ጀምሮ ኮቴው እየተሰማ ከመጣ ግን በደስታ እፈራለሁ። ስታነቢ ይህንን ልብ በይ፤ እስክትጨርሺውም የሌሎችን አስተያየት አትክፈቺ፣ ፍጻሜውን ያለ ርኅራኄ ይዘረግፉታል። ባሕር ዳር ካለሽ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቅጾች አውስሻለሁ።